የሁሉ የሆነ ነገር የማን ነው?

ልጅ የሚጠይቀው ጥያቄ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የማያውቀውን ለማወቅ ሲል የሚጠይቀው ነው፤ ይህን ነገሩን የሚያውቅ ሰው ሁሉ በቀላሉ ይመልሰዋል። ሁለተኛው ግን በጆሮው የሰማውንና በዓይኑ ያየውን አስተያይቶ አልገጥም ሲለው የሚያነሣው ነው፤ ይህን ለመመለስ ዕውቀት ብቻ አይበቃም፤ ተጠያቂው ራሱን መመርመር አለበት። እኔ ወደ አርባ ዓመት በአስተማሪነት ስኖር የመጀመሪያውን ዓይነት ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልሻለሁ። ሁለተኛው ዓይነት ግን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፥ በአንድ የሽርሽር ቀን፥ ከዐሥር ዓመት ልጅ አፍ ወጥቶ መልስ አሳጣኝ። ወጣቶች አንባቢዎቼ ሆይ፥ ይህን የምጽፍላችሁ ያን ዕለት የጎደለኝን መልስ ቀስ ብዬ ፈልጌ ያገኘሁት ስለ መሰለኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. በአንድ ቅዳሜ ቀን ከባለቤቴና ከሴት ልጄ ጋራ ሆነን፥ ሦስቱን የልጅ ልጆቼን ይዘን፥ ከዳንግላ ወደ ዘንገና ሐይቅ ለሽርሽር ሄድን። በኔ ልጅነት እንዲህ ያለ ጉዞ አልነበረም። ልጅ ወደ ጫካ የሚሄደው ከብት ሊጠብቅ ወይም እንጨት ሊለቅም ነው እንጂ ዝም ብሎ ሊደሰት ነው ቢባል ሰው ይሥቅ ነበር። ባለቤቴም ሌሊት ተነሥታ ድፎ ዳቦውን ስትደፋ፥ «ይህ ሁሉ ስንቅ ዛፍና ውሃ ለማየት ነው?» እያለች ታጉረመርም ነበር። ልጆቹ ግን ከርስዋ ቀድመው ለብሰው በር ላይ ቆመው ነበር።

ከዳንግላ እስከ እንጅባራ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱም በአዲስ ቅዳም በኩል ያልፋል። በዚያ መንገድ የሚሄድ ሰው ግራና ቀኙን የሚያየው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ነው፤ ከየማሳውም ዳር በማዳበሪያ ከረጢት የተሞላ ከሰል ተደርድሮ መኪና ይጠብቃል። ስለዚህ ዛፍ ጥቂት ልንገራችሁ፤ ለነገሬ ያስፈልገኛልና። ዲከረንስ ትውልዱ አውስትራልያ ነው። የፋግታ ለኮማና የባንጃ ገበሬ ችግኙን የሚተክለው ከጤፍ ጋራ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ጤፉን ያጭዳል፤ በሚቀጥሉት ዓመታት በዛፎቹ መካከል የሚበቅለውን ሣር ለከብቱ ያጭዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቆርጦ ያከስለዋል። ከሰሉ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ይጫናል፥ መሬቱም እንደ ገና ይታረሳል። በዛፉ ሥር የሚኖሩ ጥቃቅን ሕያዋን ናይትሮጅንን ከአየር እየወሰዱ ለምድሩ ስለሚሰጡት፥ ደክሞ ሰብል አልሰጥም ያለ መሬት ከዚህ ዛፍ በኋላ ይሻለዋል። በዲከረንስ የብዙ ሰው ጎጆ ከሣር ወደ ቆርቆሮ ተለውጧል፤ የብዙ ልጅ ደብተርና ጫማ ተገዝቷል። እኔም ከአባቴ በወረስሁት ትንሽ መሬት ላይ ዲከረንስ ተክዬ ነበርና የጡረታ ገንዘቤን ይደግፈኝ ነበር። ስለዚህ በሚኒባሱ መስኮት ዛፎቹን እያሳየሁ፥ «የኛም እንዲህ ነው፤ በሚመጣው ዓመት ቆርጠን እናከስለዋለን» ብዬ በኩራት ነገርኋቸው።

ዘንገና ከእንጅባራ ጥቂት ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ፥ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና አጠገብ ይገኛል። በጥንት ዘመን ከምድር ሆድ የወጣ እሳት ፈንድቶ በከፈተው ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ነው፤ እንደ ገበቴ ክብ ሆኖ ተቀምጧል። ስፋቱን ያየ ሰው ጥልቀቱን አይገምተውም፤ ወደ 166 ሜትር ይወርዳል፤ ከአገራችን ሐይቆችም በጥልቀት ከሻላ ቀጥሎ ይጠራል። ዙሪያውን ደን ከቦታል። ከመኪና የወረደ ሰው ጥቂት እርምጃ እንደ ሄደ የመንገዱ ሁካታ ይርቀዋል፤ የሚሰማው የወፍ ድምፅና የቅጠል ሹክሹክታ ብቻ ነው።

ታናሹ ልጅ በመጀመሪያ ፈርቶ የእናቱን ነጠላ ጨብጦ ነበር፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን በዛፎቹ መካከል ሲሮጥ ልንይዘው አልቻልንም። ታላቂቱ ልጅ የወደቀ ቅጠል እየለቀመች ስሙን ትጠይቀኝ ጀመር። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ አንድ መምህር ቅጠል በደብተራችን መካከል አድርቀን ስሙን በአማርኛና በአገውኛ ከሥሩ እንድንጽፍ ያደርጉን ስለ ነበር፥ ብዙውን ነገርኋት። እኒያ መምህር፥ «ሰው ስሙን የማያውቀውን ዛፍ ሲቆርጠው አያዝንለትም» ይሉን ነበር። ያን ጊዜ ነገሩ ፈተና እንድናልፍ የተነገረን መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ በጥላ ሥር ተቀምጠን ምሳ በላን፤ ባለቤቴም በፔርሙዝ የያዘችውን ቡና ቀዳችልን። ጠዋት ስታጉረመርም የነበረችው እርስዋ ነጠላዋን ትራስ አድርጋ ጋደም ብላ፥ «ለካ ሰው እንዲህም ያርፋል!» አለች። እኔም ደስታዬ ሙሉ ሆኖ ሳለ፥ መካከለኛው ልጅ በጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚያያቸውን የአገው ፈረሰኞች ለመምሰል አንዲት ለጋ ዛፍ ጎንብሶ ሲሰብር አየሁት፤ አለንጋ ሊያደርጋት ነው። እኔም እንደ ልማዴ በአስተማሪ ድምፅ፥ «ተው! ዛፍ መቁረጥ ነውር ነው!» ብዬ ጮኽሁበት።

ታላቂቱ ልጅ ከለቀመችው ቅጠል ላይ ዓይንዋን አንሥታ፥ «አባባ፥ ዛፍ መቁረጥ ነውር ከሆነ እኛ የኛን ለምን እንቆርጠዋለን?» አለችኝ።

«ያኛው የኛ ነው፤ እኛው የተከልነው ነው። ይኸኛው ግን የኛ አይደለም» አልኋት።

«ታዲያ የማን ነው?»

«የሁሉ ነው።»

«የሁሉ ከሆነ የኔም ነዋ! የኔ ከሆነ ለምን አልቆርጠውም?»

ባለቤቴ ሣቀች፤ ልጄም ሣቀች። እኔም አብሬ ሥቄ፥ «ቡናው እንዳይቀዘቅዝ» ብዬ ነገሩን አሳለፍሁት። ነገር ግን ማታ ዳንግላ ገብተን ልጆቹ ከተኙ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልጅቱ የጠየቀችኝ ጥያቄ ከሠላሳ ዓመት በፊት እኔ ራሴ በመጥረቢያ የመለስሁት ጥያቄ ነበርና።

በ1983 ዓ.ም. በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ከትምህርት ቤታችን በላይ ባለው ጋራ ላይ ተማሪዎቻችን በዘመቻ የተከሉት ባሕር ዛፍና ጽድ ነበረ። በደርግ ዘመን እንዲህ ያለው ተከላ በየቀበሌው ይደረግ ነበር፤ ለደኑም ጠብመንጃ የያዘ ዘበኛ ይቆምለት ነበር። በዚያ ዓመት የደርግ ጦር ከጎጃም ሲለቅ ዘበኛውም ጠፋ። ሕዝቡ መጥረቢያ ይዞ ወደ ጋራው ወጣ። ይህ በእኛ ቀበሌ ብቻ የሆነ አልነበረም፤ በዚያ በሽግግሩ ወራት በብዙ የአገራችን ክፍል የመንግሥትና የማኅበር ደን ተጨፍጭፏል።

እኔ በመጀመሪያው ቀን በመንገድ ላይ ቆሜ ሰዎቹን ገሠጽሁ። በሁለተኛው ቀን ዝም አልሁ። በሦስተኛው ቀን መጥረቢያ ተውሼ ወጣሁና ሦስት አጣና ቆርጬ ተሸክሜ ወረድሁ። ወጥ ቤት ልሠራ አስቤ ነበር። ደመወዝ ነበረኝ፤ ሦስት አጣና ለመግዛት አያቅተኝም ነበር። ስወርድ በቀጭኗ መንገድ ላይ አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪዬ አጣና ተሸክሞ ሲመጣ አገኘሁት። እኔን ባየ ጊዜ ደንግጦ ወደ ቁጥቋጦው ሊገባ ሲል፥ ትከሻዬ ላይ ያለውን አየ። ያን ጊዜ ፊቱ በራ፤ «ጋሼ፥ እርስዎም!» አለኝ። በንግግሩ ሽሙጥ አልነበረበትም፤ የደስታ ንግግር ነበር። ያ ልጅ በማግሥቱ ከሁለት ወንድሞቹ ጋራ ተመልሶ ሲወጣ አየሁት። ጋራው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ራቁቱን ቀረ፤ ክረምትም ሲገባ ጎርፉ አፈሩን ይዞ በትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ ወረደ።

አሁን ያን ጊዜ ለራሴ የሰጠሁትን ምክንያት አንድ በአንድ እንመልከት፤ እናንተም በሕይወታችሁ ይህንኑ ምክንያት ሌላ ልብስ ለብሶ ታገኙታላችሁና።

የመጀመሪያው ምክንያቴ፥ «ሁሉ እየወሰደ እኔ ብቻ ለምን እቀራለሁ?» የሚል ነበር። ይህ ምክንያት ፍትሕ ይመስላል። ነገር ግን ፍትሕ ማለት መልካሙን ነገር እኩል መካፈል ነው እንጂ ክፉውን ሥራ እኩል መሥራት አይደለም። ሁሉ በቆሸሸ ጊዜ እኔም ብቆሽሽ የተካከልን እንሆን ይሆናል፤ ንጹሓን ግን አንሆንም።

ሁለተኛው፥ «እኔ ብተወው ሌላ ሰው ይወስደዋል» የሚል ነው። ይህ ከሁሉ የሚያታልል ምክንያት ነው፤ ስለ ዛፉ የሚናገረው እውነት ነውና። እነዚያን ሦስት ዛፎች እኔ ባልቆርጣቸው በማግሥቱ ሌላ ሰው ይቆርጣቸው እንደ ነበር አልጠራጠርም። ነገር ግን ጥያቄው ስለ ዛፉ ብቻ አይደለም፤ ስለ እኔና እኔን ስለሚያዩኝም ጭምር ነው። እኔ ያን ዕለት የወሰድሁት ሦስት አጣና ነው፤ የሰጠሁት ግን ፈቃድ ነው። ያ ልጅ እኔን እስኪያይ ድረስ የሚሠራው ስሕተት መሆኑን ያውቅ ነበር፤ መደበቅ የፈለገውም ስለዚህ ነው። ካየኝ በኋላ ግን ማፈሩን ተወው። አስተማሪ ከሰሌዳው ፊት የሚናገረው ይረሳ ይሆናል፤ በመንገድ ላይ ተሸክሞ የታየው ግን አይረሳም። ይህ ለአስተማሪ ብቻ የተነገረ አይምሰላችሁ፤ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ያለው ሁሉ አስተማሪ ነው።

ሦስተኛው፥ «የደርግ ነው፤ ደርግም ሄዷል፤ ስለዚህ የማንም አይደለም» የሚል ነበር። የልጅቱ ጥያቄ የወጋኝ በዚህ በኩል ነው። በ«የሁሉ» እና በ«የማንም» መካከል ያለውን ልዩነት እኔም፥ ያ ሁሉ ሰውም አላወቅነውም ነበር። የማንም ያልሆነ ነገር የቀደመው ይወስደዋል፤ ለምሳሌ በዱር የሚበቅል እንጉዳይ ያገኘው ሰው ይለቅመዋል፤ የሚከሰው የለም። የሁሉ የሆነ ነገር ግን በማናቸውም ጊዜ ብዙ ባለቤት አለው፤ ብዙዎቹም በዚያ ሰዓት በቦታው አይገኙም። ግማሾቹ በየቤታቸው ናቸው፤ ግማሾቹ ገና አልተወለዱም። ስለዚህ ለልጅቱ መመለስ የነበረብኝ እንዲህ ብዬ ነበር፦ «አዎን፥ ልጄ፥ ዘንገና ያንቺም ነው። ነገር ግን ያንቺ የሆነው ልትመጪበት፥ ልትሮጪበት፥ ስሙን ልታውቂውና ልትጠብቂው ነው። ብቻሽን ልትወስጂው ግን ያንቺ አይደለም፤ ያን ጊዜ ከቀሩት ባለቤቶች ድርሻ ትወስጃለሽና።» የቤታችን ዲከረንስ ግን እኛው ተክለነዋል፤ ስንተክለውም ለመቁረጥ ነው፤ ብንቆርጠው ከማንም ድርሻ አንነካም።

ይህ መልስ ትክክል ይመስለኛል፤ ነገር ግን አይበቃም። ምክንያቱም በ1983 ዓ.ም. ይህንን ንግግር በዚያ ጋራ ሥር ቆሞ የሚያሰማ ሰው ቢኖር ማን ይሰማው ነበር? እኔ ራሴ በመጀመሪያው ቀን የተናገርሁት ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የሰማኝ አልነበረም፤ በሦስተኛው ቀን እኔም ራሴን አልሰማሁትም። ታዲያ ያ ሕዝብ ክፉ ሕዝብ ነበርን? አልነበረም። ያ ሕዝብ ጎረቤቱ ሲታመም በቃሬዛ ተሸክሞ ሌሊቱን የሚሄድ፥ የደከመ ሰው እርሻ በደቦ የሚያርስ ሕዝብ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን ተረት ከእናቱ ጡት ጋራ የጠባ ሕዝብ ነው። የደኑን ነገር ለምን እንዲህ አላየውም?

ይህን ሳስብ ብዙ ጊዜ የፈጀብኝ ነገር ነው። በመጨረሻ ግን መልሱን ያገኘሁት ያን ዕለት በዘንገና ሲሮጥ በነበረው በታናሹ ልጅ ነው። ያንን የትምህርት ቤት ጋራ ልጆቻችን የተከሉት ስማቸው እየተጠራ ነው፤ የቀረ ይቀጣ ነበር። ከተከሉ በኋላ ደግሞ ዘበኛ ቆመና እንዳይገቡበት ተከለከሉ። አንድም ቀን፥ «ዛሬ ትምህርታችንን በተከላችሁት ዛፍ ጥላ ሥር እንማር» ብለን አልወሰድናቸውም። አንድም ቤተ ሰብ በዚያ ዛፍ ሥር ዳቦ አልቆረሰም። ድካሙን ሰጠናቸው፤ ክልከላውን ሰጠናቸው፤ ደስታውን ግን ነሣናቸው። ሰው ደግሞ ያልተደሰተበትን ነገር የኔ አይለውም። ዘበኛው ሲሄድ ደኑን ይጠብቀው የነበረው ነገር ሁሉ አብሮ ሄደ፤ ከፍርሃት በቀር ሌላ ጠባቂ አልነበረውምና።

ከዚህ ጋራ የቤተ ክርስቲያንን ደን አስተያዩት። እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ቢሆንም እውነትን መመስከር ይገባኛል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ከሩቅ ሆኖ ለሚመለከት ሰው፥ በታረሰው አገር መካከል እንደ ደሴት ተነጥሎ የሚታየው ደን አብዛኛውን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ደን ነው፤ ቁጥሩም በሺሕ የሚገመት ነው። ዛሬ በደራሲነታቸው ብዙ ወጣት የሚያውቃቸው የደን ምሁር ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች አጥንተዋል፤ ከብት እንዳይገባባቸውም በድንጋይ ካብ እንዲታጠሩ ከደከሙት ሰዎች አንዱ ናቸው። እነዚህ ደኖች በዚያ በ1983 ዓ.ም. ስለ ምን ተረፉ? ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው የሚል ሰው አልተሳሳተም። ነገር ግን ሌላም አለ። ሰው በዚያ ዛፍ ሥር ክርስትና ተነሥቷል፤ በልጅነቱ ፊደል ቆጥሯል፤ በክብረ በዓል ዘምሯል፤ የእናቱንና የአባቱን መቃብር በዚያ ያውቃል። ኑሮው በዚያ ጥላ ውስጥ ስላለፈ «የኔ» ለማለት ማንም አላስተማረውም። ዘበኛ ባይኖርም ባለቤት አለው።

በሌላም አገር የሆነውን ልጨምርላችሁ። በናይሮቢ ከተማ መካከል ኡሁሩ የሚባል ትልቅ የመናፈሻ ቦታ አለ፤ ጓሮ የሌለው የከተማ ሰው በሰንበት ቀን ልጆቹን ይዞ በሣሩ ላይ የሚቀመጥበት ነው። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1989 የኬንያ ገዥዎች በዚያ መናፈሻ ላይ ስድሳ ፎቅ ያለው ሕንፃ ለመሥራት አሰቡ። ዋንጋሪ ማታይ የተባለች ሴት ደብዳቤ እየጻፈች ተቃወመች። ትላልቅ ሰዎች ተሳለቁባት፤ ሰደቧት። ሕንፃው ግን ሳይሠራ ቀረ። እርስዋም በ2004 የኖቤልን የሰላም ሽልማት ስትቀበል ከአፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። ልብ በሉ፤ ማታይ የታገለችው ለብርቅ ዛፍ አልነበረም፤ ድሀ ልጁን ይዞ የሚያርፍበት ቦታ እንዳይጠፋ ነው። በዚያ ሣር ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የመናፈሻው ባለቤት መሆኑን ስላወቀች ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ወጣት፥ «መምህር፥ ይህ የጠገበ ሰው ነገር ነው። የሚያነደው ያጣ ሰው በምን ጊዜው ሽርሽር ይሄዳል?» ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው። እንጨት ተሸክማ ጎብጣ ከዳገት የምትወርደውን እናት አይቶ፥ የዛፍ ጠላት ናት ብሎ መስደብ ግፍ ነው፤ እኔ በደመወዜ የምገዛውን እርስዋ በጀርባዋ ታመጣዋለች። ለዚህም ነው ዲከረንስን የማልነቅፈው። ሰው በገዛ መሬቱ ተክሎ የሚያነደውንና የሚሸጠውን ካገኘ፥ የሁሉ የሆነውን ደን የሚነካበት ችግር ይቀንሳል። አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። ሆኖም ዲከረንስም ትምህርት ሰጥቶናል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት እንደ ስንዴ ዋግ ያለ የፈንገስ በሽታ ወርዶበት የብዙ ገበሬ ዛፍ ቅጠሉ ዝጎ ደረቀ፤ የኔም ማሳ አልተረፈም። አገር ሙሉ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ከተከለ አንድ በሽታ አገር ሙሉ ይጎዳል። በዘንገና ዙሪያ ግን ዓይነቱ ብዙ ነውና አንዱ ቢታመም ሌላው ይቆማል። ሁሉን ነገር ለገበያ ብቻ የሚያስብ ሰው ገበያውም አይጸናለትም።

እንቅልፍ ያጣሁበት ሌሊት ካለፈ በኋላ፥ ለልጅቱ እውነቱን ለመንገር ብዙ ሳምንት ዘገየሁ። ክብሬን ፈርቼ ነው። በኋላ ግን አንድ ቀን አጠገቤ አስቀምጬ ስለ ሦስቱ አጣናና ስለዚያ ተማሪ ነገርኋት። ዝም ብላ ሰማችኝ። እኔ ትታዘበኛለች ብዬ ስጠብቅ፥ እርስዋ የጠየቀችኝ፥ «ታዲያ መለሱት?» ብላ ብቻ ነው። አጣኖቹ የገቡበት ወጥ ቤት ከፈረሰ ቆይቷል፤ ምን ልመልስ? ይህንንም ነገርኋት። «እንግዲያስ ሌላ እንትከላ!» አለችኝ።

በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. የቀበሌውን ሽማግሌዎች አስፈቅደን ሦስት ችግኝ፥ ይኸውም አንድ ኮሶ፥ አንድ ወይራና አንድ ጥቁር እንጨት፥ በዚያ በተራቆተው ጋራ ላይ ተከልን። የፈለግሁት በራሴ መሬት ላይ አልነበረም፤ ዕዳው የነበረብኝ ከዚያ ነውና። ኮሶውና ጥቁር እንጨቱ ጸድቀዋል፤ ወይራውን ፍየል በላው። ከተከልን በኋላ በዚያው ተቀምጠን በሶ በጥብጠን ጠጣን፤ እረኞቹም መጥተው አብረውን ጠጡ። ለእረኞቹ የችግኞቹን ስም ነገርናቸው። ልጅቱ፥ «ይህ የናንተም ነው» ስትላቸው ሰማሁ። እኔ ያን ጊዜ ሌላ ንግግር አላስፈለገኝም።

ወጣቶች ሆይ፥ የሁሉ የሆነ ነገር ደን ብቻ አይደለም። የመንገድ ዳር ቧንቧ፥ የትምህርት ቤት ወንበር፥ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ፥ የአገር ሰላም ሁሉ የሁሉ ናቸው። እያንዳንዳቸው ዘበኛ የሚጠፋበት ቀን ይመጣባቸዋል። በዚያ ቀን የሚጠብቃቸው ቀድሞ በደስታ የኔ ያላቸው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ታናናሾቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። ሩቅ መሄድ ግዴታ አይደለም፤ በአጠገባችሁ ያለው ጥቂት ዛፍ ይበቃል። ስሙን አስተምሯቸው፤ ዳቦ አብራችሁ ቁረሱበት፤ የወደቀ ቅጠል እንጂ ሌላ ነገር ሳትወስዱ ተመለሱ። ቀድሞ የበደላችሁት ነገር ካለ አትደብቋቸው፤ ንገሯቸው። ልጅ የሚንቀው የተሳሳተውን ሰው አይደለም፤ ተሳስቶ የሚመጻደቀውን ነው። ያ የአራተኛ ክፍል ተማሪዬ ዛሬ ሽማግሌ ለመሆን የተቃረበ ሰው ነው፤ የት እንዳለ አላውቅም። ይህን ቢያነበው ግን፥ ያን ዕለት በመንገድ ላይ ልነግረው ይገባኝ የነበረውን አሁን እነግረዋለሁ፤ ልጄ ሆይ፥ ያን ዕለት መደበቅ የነበረብኝ እኔ ነበርሁ።